«አልገባኝም» ማለት ነውር አይደለም



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ ከአገሩ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ቋንቋውን በደንብ በማያውቀው ሕዝብ መካከል የሚማር ነው። የሚያድረውም በተማሪዎች ማደሪያ አይደለም። በሰው ቤት ነው። ከቤቱ ባለቤቶች ጋር አንድ ማዕድ ይቀርባል።

«ታዲያ ይህ እኛን ምን ያገባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባናል። አንደኛ፣ ልጁ ወይም የጎረቤቱ ልጅ ለትምህርት ውጭ አገር የሄደበት ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ሁለተኛ፣ እናንተ ፊደል የቆጠራችሁት ካደጋችሁ በኋላ ነው። ትልቅ ሰው ሆኖ «አላውቅም» ብሎ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ወሬው የእናንተም ወሬ ነው።

የምንናገርለት ቋንቋ ስፓኒሽ ነው። ከ450 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አፋቸውን የፈቱት በዚህ ቋንቋ ነው። በ20 አገሮች የሥራ ቋንቋ ነው። ከእነዚህ አንዷ በአፍሪካችን የምትገኘው ኢኳቶሪያል ጊኒ ናት።

ለአገራችንም ቢሆን ቋንቋው ጭራሽ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ኩባ ሄደው ተምረዋል። ብዙዎቹ የኖሩት የወጣቶች ደሴት በምትባለው ደሴት ላይ ነበር። ሐኪም ሆነው የተመለሱ አሉ። መሐንዲስ ሆነው የተመለሱም አሉ። እነሱ ግን ያደሩት በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከወገኖቻቸው ጋር ነው። ሲከፋቸው በአማርኛ የሚያዋዩት ጓደኛ አጠገባቸው ነበር። የዛሬዋ ተማሪያችን ግን ብቻዋን ናት።

የምትሄድበት ከተማ

እስቲ አንዲት ወጣት እንውሰድ። ስም አናወጣላትም። የእናንተ ልጅ ትሁን። የምትሄደው በስፔን አገር ወደምትገኘው ወደ ሳላማንካ ከተማ ነው እንበል።

ሳላማንካ ከዋናው ከተማ ከማድሪድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ትርቃለች። ቶርሜስ የሚባል ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1218 ነው። ያን ጊዜ በእኛ አገር የዛጉዌ ነገሥታት ዘመን ነበር። በ2018 የ800 ዓመት በዓሉን አክብሯል። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ የስፓኒሽን የሰዋስው መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1492 ነው። ዛሬም ከብዙ አገር ሰዎች ቋንቋውን ለመማር ወደዚህች ከተማ ይመጣሉ።

ከሚመጡት ብዙዎቹ በቤተሰብ ቤት ያርፋሉ። ለቤተሰቡ ክፍያ ይከፈለዋል። ቤተሰቡ መኝታና ምግብ ይሰጣል። ስለዚህ ተማሪዋ ሙሉ እንግዳ አይደለችም። ሙሉ የቤት ልጅም አይደለችም። መካከል ላይ ናት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ችግር የሚመጣው ከዚሁ ነው። እንደ እንግዳ ዝም ትበል? ወይስ እንደ ልጅ ትጠይቅ?

የመጀመሪያው ምሽት

በሩ ይከፈታል። የቤቱ እናት ይወጣሉ። ጉንጯን በግራና በቀኝ ይስሟታል። እዚህ ላይ ተማሪያችን ደስ ይላታል። መሳሳም የአገሯ ልማድ ነው። እዚያ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛና አራተኛ አይጨመርም።

ከዚያ ንግግሩ ይጀመራል። እንደ ዶፍ ዝናብ ይወርዳል። ቃል ከቃል አይለይም። አገር ቤት መምህሯ ቀስ እያለ ያስተማራት ስፓኒሽ የት ገባ? እሷ የምትይዘው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። እናትየዋ «ሲ?» ይላሉ። እሷም «ሲ» ትላለች። «ሲ» ማለት «አዎ» ማለት ነው።

የመታጠቢያ ቤቱን ያሳዩዋታል። «ሲ»። የመስኮቱን መጋረጃ እንዴት እንደሚወርድ ያሳዩዋታል። «ሲ»። የበሩን ቁልፍ ይሰጧታል። «ሲ፣ ሲ»። በማግስቱ ጠዋት ልትታጠብ ስትገባ ውሃው በረዶ ነው። ለካ ማታ የተጠየቀችው «ማሞቂያው እንዴት እንደሚበራ ገብቶሻል?» ተብላ ነው።

ይህ ስንፍና አይደለም። ጨዋነት ነው። በእኛ አገር በደንብ ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገር «እሺ» ይላል። «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለት ሰውን ማድከም ይመስለዋል። ይሉኝታ የምንለው ነገር ይህ ነው። ይሉኝታ በአገር ቤት ሰውን ከሰው ያኗኑራል። በማያውቁት ቋንቋ መካከል ግን አፍ ይዘጋል።

አባቶች «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። እዚያ ቤት ደግሞ ካለመናገር ራት ይቀራል። እንዴት እንደሚቀር እንመልከት።

ማዕዱ

በእኛ ዘንድ እንግዳ ምግብ ሲጨመርለት «በቃኝ» ይላል። ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች። እንግዳው «ኧረ ጠገብኩ» ይላል። «አፈር ስሆን» ትለዋለች። ከዚያ ይበላል። ጨዋታውን ሁለቱም ያውቁታል።

የሳላማንካዋ እናት ይህን ጨዋታ አያውቁትም። አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ። ምናልባት ሁለተኛ ይጠይቃሉ። ከዚያ «በቃኝ» የተባሉትን አምነው ሳህኑን ያነሣሉ። ተማሪያችን «በሞቴ» እስክትባል ስትጠብቅ ጾሟን ታድራለች። እናትየዋም በልባቸው «ምግቤን አልወደደችውም» ይላሉ። አንዲት ቃል ባለመነገሯ ሁለት ሰው አዘነ ማለት ነው።

ከዚህም የከበደ ነገር አለ። ከሳላማንካ በስተሰሜን ላ አርሙኛ የሚባል አካባቢ አለ። በምስሩ የታወቀ ነው። ተማሪያችን የምስር ወጥ የመሰለ ነገር ሲቀርብላት «ተመስገን፣ የጾም ምግብ አገኘሁ» ትላለች። ነገር ግን በዚያ አገር ምስር ሲቀቀል ብዙ ጊዜ ቾሪሶ ይገባበታል። ቾሪሶ በቀይ በርበሬ የተቀመመ የአሳማ ሥጋ ቋሊማ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ደግሞ ጊኽዌሎ የምትባል ከተማ አለች። እሷ የታወቀችው ደርቆ በሚበላ የአሳማ ጭን ነው። የአሳማ ሥጋ በዚያ አገር የክብር ምግብ ነው። ለእንግዳ ከሚቀርበው ሁሉ ምርጡ እሱ ነው።

እንግዲህ ተማሪዋ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም ሦስት መንገድ አላት። አንደኛው፣ ይሉኝታ ይዟት ሃይማኖቷ የሚከለክለውን መብላት ነው። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ኅሊናዋ ሲወቅሳት ያድራል። ሁለተኛው፣ ምንም ሳይናገሩ ሳህኑን መግፋት ነው። ይህ ደግሞ ባለቤቶቹን ያስቀይማል። ሦስተኛው፣ መናገር ነው። «ኖ ኮሞ ሴርዶ።» ሦስት ቃል ብቻ ናት። «የአሳማ ሥጋ አልበላም» ማለት ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ ምግቡ ሳይበስል ብትናገር የሚቀየም የለም። ከተበሰለ በኋላ ከሚነገር ሳይበሰል የተነገረ ይሻላል።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾም ከሆነም ትናገር። ካቶሊኮቹም በዐቢይ ጾማቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ የማይበሉበት ሥርዓት አላቸው። ጾም ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ጾማቸው የእኛን ያህል የጠበቀ አይደለም እንጂ ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም። ሽምብራና ምስር በቤታቸው ሞልቷል። ቾሪሶውን መተው ብቻ ነው።

ሰዓቱ

እናትየዋ «ምሳ በላስ ዶስ ነው» ይላሉ። «ላስ ዶስ» ማለት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። የእኛ ሰው ሁለት ሰዓት ሲባል ጠዋት ነው የሚመስለው። እነሱ ግን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ተነሥተው ነው። የእነሱ ሁለት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው።

ምሳቸው ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ራታቸው ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሆዱ ሲጮህ «ረሱኝ እንዴ?» ይላል። አልረሱትም። ጊዜው ስላልደረሰ ነው።

በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። አንደኛው ምክንያት አገሩ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የራቀ መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ስፔን ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትጠቀመው የመካከለኛውን አውሮፓ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ከፀሐይዋ ይቀድማል።

ተማሪያችን ምን ታድርግ? ወረቀት ታውጣ። ሦስት መስመር ትጻፍ። ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት። ለእናትየዋ ትስጣቸውና በየመስመሩ ሰዓቱን ይሙሉላት። የተጻፈ ነገር እንደ ንግግር አይበርም። ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም።

በኩሽና ውስጥ ዘመድ አለ

በሁለተኛው ቀን ተማሪያችን ወደ ኩሽና ትግባ። መኝታ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቋንቋ አይገኝም። ሽንኩርት እየላጠች፣ ሳህን እያጠበች ጆሮዋን ትክፈት። እዚያ ዘመድ ታገኛለች።

ዘይትን «አሴይቴ» ይሉታል። ስኳርን «አሱካር» ይሉታል። ሩዝን «አሮስ» ይሉታል። ለምን ተመሳሰለ? ከ711 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዐረብኛ የሚናገሩ ሙስሊሞች ስፔን ውስጥ ገዝተዋል። የመጨረሻው ግዛታቸው ግራናዳ የወደቀው በ1492 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ብዙ የዐረብኛ ቃል ወደ ስፓኒሽ ገባ። ወደ እኛም ቋንቋ ከዐረብኛ ቃል ገብቷል። ስለዚህ ዘይትና አሴይቴ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ሌሎችም አሉ። ሰንደቅ ዓላማን «ባንዴራ» ይሉታል። ፋብሪካ ያው «ፋብሪካ» ነው። ጎማም «ጎማ» ነው። እነዚህን እኛ ያገኘናቸው ከጣሊያንኛ ነው። ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ደግሞ ሁለቱም የላቲን ልጆች ናቸው።

የሚያስቁም አይጠፉም። «ካሳ» ማለት በእነሱ ቤት ማለት ነው። «ሜሳ» ማለት ጠረጴዛ ነው። እናትየዋ «ወደ ሜሳ!» ብለው ሲጣሩ ተማሪያችን «ምሳ» የተባለ መስሏት ትመጣለች። ተሳስታም ልክ ናት። ምሳው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ፊደልና ድምፅ

ስፓኒሽ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ፊደላቱ 27 ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ እንደተጻፈ ይነበባል። ይህ ለእኛ ሰው ትልቅ ዕድል ነው። የእኛም ጽሕፈት እንዲሁ ነውና።

«በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ» ብላችሁ ቆጥራችኋል። ሰባት ድምፅ ነው። ስፓኒሽ ያለው አምስት ብቻ ነው። ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ቦ። ግዕዙና ሳድሱ የሉም። አምስቱ ሁሉ አስቀድሞ በእኛ አፍ ውስጥ አሉ።

«ኘ» የሚለውን ድምፅ ብዙ የውጭ አገር ሰው ይቸገርበታል። ለእኛ ችግር አይደለም። ስፔን በራሷ ቋንቋ «ኤስፓኛ» ትባላለች። ነገ ለማለት «ማኛና» ይላሉ። ተማሪያችን የማኛ ጤፍ ወሬ ሊመስላት ይችላል።

ማጥበቅና ማላላትም እናውቃለን። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ሲጠብቅ በዓሉ ነው። በስፓኒሽም «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ማለት ነው። ረ ሲጠብቅ ደግሞ «ውሻ» ይሆናል።

አስቸጋሪ ድምፅ የለም ማለት አይደለም። አመሰግናለሁ ለማለት «ግራሲያስ» ይባላል። በሳላማንካ ግን የመጀመሪያውን ስ የሚናገሩት የምላሳቸውን ጫፍ በጥርሶቻቸው መካከል አድርገው ነው። በአማርኛ ይህ ድምፅ የለም። እናትየዋ ምላሳቸውን ያሳዩዋት። እሷም ትሞክር። ይሳቁ። ሳቅ አይጎዳም። ሕፃንም ሲኮላተፍ ይሳቅበታል፤ በዚያው ግን አፉን ይፈታል።

አንቺና እርስዎ

ስፓኒሽም እንደ እኛ አክብሮት አለው። «ቱ» ማለት አንተ ወይም አንቺ ነው። «ኡስቴድ» ማለት እርስዎ ነው። ከቃሉ ጋር ግሱም ይለወጣል። የእኛ «ተቀመጪ» እና «ይቀመጡ» እንደሚለያዩ ማለት ነው።

ተማሪያችን በ«ኡስቴድ» ትጀምር። ሳይቆይ እናትየዋ «ቱ በይኝ» ይሏታል። እዚህ ላይ ምላሷ አልታዘዝ ይላታል። ዕድሜያቸው እናቷን የሚያህል ሴት እንዴት አንቺ ይባላሉ? ግን እስቲ እናስብ። ብዙዎቻችን የወለደችንን እናት አንቺ እንላለን። ያ ንቀት አይደለም፤ ቅርበት ነው። «ቱ በይኝ» ማለትም «ከእንግድነት ወደ ልጅነት ግቢ» ማለት ነው።

የስም ነገርም አለ። በስፔን ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው። አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት ይመጣል። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ነው፤ ሦስተኛው የአያት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ የአባቷ ስም ሲጠራ ዝም ብላ ትቀመጥ ይሆናል። አባቷ የተጠራ መስሏት ነው። ይህንም በመጀመሪያው ቀን ታስረዳቸው። አንድ የምንመሳሰልበት ነገር ደግሞ አለ። በስፔንም ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም።

ከምግብ በኋላ የሚመጣው ጨዋታ

ምግቡ ካለቀ በኋላ የዚያ አገር ሰው ወዲያው አይነሣም። ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ይህን «ሶብሬሜሳ» ይሉታል። ቃል በቃል «በጠረጴዛ ላይ» ማለት ነው። እኛ ቡና አፍልተን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን እንደምንጫወተው ነው።

ተማሪያችን ሲደክማት «ደህና እደሩ» ብላ ወደ ክፍሏ መሮጥ ያምራታል። አትሩጥ። ቋንቋው የሚገኘው እዚያች ሰዓት ላይ ነው። አንድ ቃል ብቻ ብትይዝ ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የራሷንም ታምጣ። ከአገሯ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዛ ሄዳ ከሆነ አሁን ታፍላው። ዓረቢካ የሚባለው ቡና መነሻው የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጫካ መሆኑን ትንገራቸው። በዚያች ሰዓት አስተማሪዋ እሷ ናት። የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። መጠየቅ ውርደት እንዳልሆነ በዓይኗ ታያለች።

ለእናትና ለአባት

አሁን ደግሞ አገር ቤት ለቀረነው። ልጃችን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሆድ ይብሳታል። ትደውላለች። ታለቅሳለች። ይህ የታወቀ ነው፤ አትደንግጡ። ግን ሌሊቱን ሙሉ በስልክ አማርኛ ስታወራ ካደረች ከዚያ ቤት የለችም ማለት ነው። ሥጋዋ ሳላማንካ፣ ልቧ እዚህ ይሆናል።

ስለዚህ በራታቸው ሰዓት አትደውሉ። በእነሱ ክረምት እኛ 2 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። በበጋቸው 1 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። ስትደውሉም «በላሽ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። «ዛሬ ምን ጠየቅሽ? ምን አዲስ ቃል ተማርሽ? ለእኔም አስተምሪኝ» በሏት። ልጅ እናቷን ስታስተምር ትበረታለች።

ይዘን የምንሄደው

ውድ አድማጮች፣ ደብተራችሁን አውጡና እነዚህን አራት ነገሮች ጻፉ። የሚሄድ ሰው ሲኖር ስጡት።

«ኖ ኤንቲዬንዶ።» አልገባኝም።

«ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር።» እባክዎ፣ ቀስ ይበሉ።

«ኮሞ ሴ ዲሴ?» ይህ ምን ይባላል?

«ግራሲያስ።» አመሰግናለሁ።

በእነዚህ አራቱ የመጀመሪያው ሳምንት ይታለፋል። ሌላው እየቆየ ይመጣል። ከአራቱ ሁሉ የምትከብደው የመጀመሪያዋ ናት። ለመናገር ከባድ ቃል ስለሆነች አይደለም። የምትከብደው ይሉኝታ ስለሚይዘን ነው። አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣች ግን ሌላው በር ሁሉ ይከፈታል።

ይህን ንግግር ያነበባችሁ በቡድን ከሆነ አንድ ነገር ተወያዩ። እናንተ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ያልገባችሁን ለመጠየቅ ምን ከለከላችሁ? በኋላስ ምን አስደፈራችሁ? የሰጣችሁትን መልስ ለሚሄደው ልጅ ንገሩት። ከማንኛውም ስንቅ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ደህና ሰንብቱ።